በደንብ የሚበላ ልጅ እንዴት አዮዲን ያንሰዋል?

እህቴ፣ «ልጄ እህልም አትክልትም በደንብ ይበላል፤ ታዲያ አዮዲን እንዴት ያንሰዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ችግሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ጠርጎ በወሰደው መሬት፣ በተለይ ተራራማ አካባቢ፣ የበቀለ እህል የቱንም ያህል ቢበላ አይበቃም። በደንብ ያልተዘጋጀ ካሳቫ ማዘውተር ደግሞ ያባብሰዋል፤ አንገት ላይ ያለውና ከአዮዲን ለአእምሮ እድገት የሚያስፈልግ ሆርሞን የሚሠራው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 120 ማይክሮግራም (ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው) አዮዲን ይመክራል። ለዚህች ታህል ነገር የልጅ አእምሮ መጎዳቱ በጣም ያሳዝነኛል! እንቅርት እስኪወጣ አትጠብቂ። አዮዲን ያለው ጨው ግዢ፤ መጠኑን ግን አታብዢ። ከድነሽ አስቀምጪው፣ ምግቡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው። እርጉዝ ከሆንሽ በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልግሻል፤ እጥረቱ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ፅንሱን ነውና ሐኪምሽን አሁኑኑ አማክሪ።