ሪትራይ ከመጫናችሁ በፊት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሐዋሳና ከአዳማ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ መርጅ ሪክዌስት (የኮድ ለውጥ ወደ ዋናው ኮድ ይግባልኝ የሚል ጥያቄ) ሲከፈት ኮዱን በራሱ ስለሚፈትነው ፓይፕላይን (የተከታታይ ሥራዎች ሰንሰለት)። ጠያቂዎቹ ሁሉ የጊትላብ (ኮድ የሚቀመጥበትና የሚፈተንበት መድረክ) ተጠቃሚ ስለሆኑ መልሱም በዚያው ነው።

«አንዴ ፑሽ ሳደርግ (ኮዴን ወደ ጊትላብ ስሰድ) ሁለት ፓይፕላይን ይነሳል። ምን አበላሸሁ?» (ሐዋሳ፣ አቶቴ)

ምንም አላበላሸህም፣ ሳታውቀው ሁለቴ አዘሃል። አንዱ የሚነሳው ብራንቹ (የምትሠራበት የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ ፑሽ ስለተደረገ ነው። ሌላው ደግሞ መርጅ ሪክዌስቱ ክፍት ስለሆነና አንዱ ጆብ (የፓይፕላይኑ አንድ ሥራ) ለእሱ እንዲሮጥ ስለተፈቀደለት። በፓይፕላይኑ ፋይል ውስጥ ወርክፍሎው በሚለው ክፍል ሦስት ሕግ ጻፍ፦ መነሻው መርጅ ሪክዌስት ከሆነ ይሩጥ፤ ብራንቹ ክፍት መርጅ ሪክዌስት ካለው አይሩጥ፤ ሌላ ብራንች ከሆነ ይሩጥ። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ። ጊትላብ ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ የገጠመለትን ሕግ ይዞ ይቆማል።

«በነፃው አካውንት ጊትላብ ለፓይፕላይን የሚሰጠን ደቂቃ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። የቢሮውን ዴስክቶፕ ራነር (ጆቦቹን የሚያስኬድ ማሽን) እንዳናደርገው ቋሚ አይፒ (የማይቀየር የኢንተርኔት አድራሻ) የለንም።» (አዳማ)

ቋሚ አይፒ አያስፈልጋችሁም። ራነሩ ራሱ ነው ወደ ጊትላብ እየሄደ «ሥራ አለ ወይ?» የሚለው። ራውተር ላይ ፖርት መክፈት የለ፣ ምን የለ። በራሳችሁ ማሽን የሚሮጠው ጆብ ደግሞ ከወሩ 400 ደቂቃ ላይ አይቀነስም።

ከዚያ በፊት ግን ብክነቱን ቀንሱ። አዲስ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ሲመጣ የድሮው ፓይፕላይን እንዲቋረጥ ጆቦቹን ኢንተራፕቲብል (ሊቋረጡ የሚችሉ) አድርጓቸው። ዲፕሎይ የሚያደርገውን (ኮዱን ሰርቨር ላይ የሚጭነውን) ጆብ ብቻ አትንኩት፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሰርቨሩ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ያድራል።

ዴስክቶፑን ከተጠቀማችሁ መብራት ሲሄድ ጆቡ «እየሮጠ ነው» እንዳለ ቆይቶ ይወድቃል። ሪትራይን (የወደቀ ጆብ እንደገና እንዲሞከር ማድረግን) ፍቀዱ፣ ግን ለማሽን ብልሽት ብቻ። ለቴስት ውድቀት ከፈቀዳችሁ እንደሚቀጥሉት ጠያቂዎች ትሆናላችሁ።

«አንድ ቴስት ቀን ቀን ያልፋል፣ አምሽተን ስንሠራ ይወድቃል። ላፕቶፕ ላይ ግን ሁሌም ያልፋል። ሪትራይ እየተጫንን ነው የምንገፋው። ኃጢአት አለው?» (ሐዋሳ፣ ፒያሳ)

አለው! ደግሞ እኮ ፍንጩን ራሳችሁ ልካችሁታል፤ የወደቁት ፓይፕላይኖች ሁሉ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ናቸው። ራነሩ የሚሠራው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት እኛ ዘንድ ቀኑ ተቀይሯል፣ ራነሩ ግን ገና ትናንት ላይ ነው። ኮዳችሁ የሚያወጣውን ደረሰኝ ቀን በአዲስ አበባ ሰዓት ይመዘግባል፤ ቴስቱ ደግሞ «ዛሬ»ን ከማሽኑ ይጠይቃል። ላፕቶፓችሁ እንደ እናንተ ሐዋሳ ስላለ ሁለቱ አይጣሉም።

የራነሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ መቀየር ያጓጓል። ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ግን የደንበኛው ሰርቨር በዩቲሲ ከሆነ ያው ችግር እዚያ ይጠብቃችኋል። ይልቅ ቴስቱ ማሽኑን ሰዓት መጠየቁን ያቁም፤ ቁርጥ ያለ ሰዓት ስጡት። አንዱን በዩቲሲ 22:30 አድርጉት፣ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ደረሰኙ በኢትዮጵያ ካላንደር የሚወጣ ከሆነ ጳጉሜ 6ንም ጨምሩ። በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ቀን በቴስት ካልተያዘ ማን ያስታውሰዋል?

«ፕሮጀክታችን ክፍት ነው፤ ከፎርክ (ከራሱ የፕሮጀክቱ ቅጂ) መርጅ ሪክዌስት የሚልክ ሰው የኤስኤምኤስ ቁልፋችንን (አገልግሎቱን የምንጠቀምበትን ሚስጥራዊ ኮድ) ሊያይ ይችላል?» (አዳማ፣ ተማሪ)

በተለመደው አካሄድ አይችልም። ፓይፕላይኑ የሚሮጠው በእሱ ፎርክ ውስጥ፣ በእሱ ደቂቃ ነው። አደጋው የሚመጣው ከእናንተ አንዱ «እኛ ፕሮጀክት ላይ ይሩጥ» ብሎ ሲጫን ነው። ያኔ የማታውቁት ሰው ኮድ ከቁልፋችሁ ጋር አንድ ክፍል ገባ ማለት ነው። ከመጫናችሁ በፊት ለውጡን ሙሉውን አንብቡ፣ በተለይ የፓይፕላይኑን ፋይልና ስክሪፕቶቹን።

«ሁለት መርጅ ሪክዌስት፣ ሁለቱም አረንጓዴ። ሁለቱም ሲገቡ ሜይን (ዋናው ብራንች) ቀይ ሆነ።» (ሐዋሳ)

አንዱ የፈንክሽኑን ስም ቀየረ፣ ሌላው በድሮው ስም ጠራው። ጊት (ለውጦቹን የሚያዋህደው ፕሮግራም) ግጭት አላየም፤ የነኩት የተለያየ ፋይል ነው። ለዚህ የተሠራው መርጅ ትሬን (መርጅ ሪክዌስቶችን አሰልፎ የሚፈትነው) ክፍያ ይጠይቃል። ለትንሽ ቡድን ፋስት ፎርዋርድ መርጅ ይበቃል፦ ኋላ የመጣው ሪቤዝ ሳያደርግ (ለውጡን በአዲሱ ሜይን ላይ መልሶ ሳያነባብር) አይገባም፣ ሪቤዝ ሲያደርግ ፓይፕላይኑ እንደገና ይነሳል፣ ስህተቱም እዚያው ብራንቹ ላይ ይያዛል። ፓይፕላይኑ ካላለፈ መርጅ እንዳይደረግ የሚከለክለውንም ምርጫ አብሩ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጊትላብ «ያለ ፓይፕላይን ሪቤዝ አድርግ» የሚል በተን አለው። ለቸኮለ ሰው ይመቻል፤ እናንተ አትንኩት።