አንድ ስም፣ ሁለት ላይብረሪ፦ ስለ ሲምቦል ግጭት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ በሊኑክስ ላይ ስለሚያጋጥም የሼርድ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ፋይል) ግጭት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የእኔ ሥራ ሶርስ ኮዳቸው የጠፋ አሮጌ ፕሮግራሞችን በአዲስ ሰርቨር ላይ ማስነሳት ነው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት አደራ አለኝ። ሊብሲን፣ ማለትም ሁሉም ፕሮግራም የሚደገፍበትን የሲ ዋና ላይብረሪ፣ በእጃችሁ አትተኩ። ላይብረሪ የሚፈለግበትን ፎልደር የሚቀይረውን ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን ፕሮፋይል ፋይል ውስጥ አትጻፉ። ስትጠይቁ ደግሞ የስህተቱን መልእክት እንዳለ ለጥፉልኝ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ብዙ ዓመት ያገለገለ የሪፖርት ፕሮግራም አለ። የሠራው ድርጅት ተዘግቷል፤ ሶርስ ኮዱ የለንም። የራሱን ሊብክሪፕቶ 1.0.0 (የኦፕንኤስኤስኤል የምስጠራ ላይብረሪ) በፎልደሩ ይዞ ነው የመጣው። ዳታቤዙን ስናሳድግ አዲሱ ድራይቨር ሊብክሪፕቶ 1.1ን ፈለገ፤ እሱንም ጫንን። ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች የሚዘረዝረው ኤልዲዲ ምንም አልጎደለም ይላል። ግን ፕሮግራሙ ገና ኮኔክት ሲያደርግ ሴግሜንቴሽን ፎልት ብሎ ይወድቃል። ለምን?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ኤልዲዲ የሚነግርህ ስለ ፋይሎች ብቻ ነው። ችግርህ ያለው ከፋይሎቹ ውስጥ ነው፤ ስሞቹ ላይ።

ሎደሩ (ፕሮግራሙን ሲያስነሳ ከላይብረሪዎቹ ጋር የሚያገናኘው) አንድን ሲምቦል፣ ማለትም የፈንክሽን ስም፣ ሲፈልግ ሰልፍ ይዞ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ዋናውን ፕሮግራም ያያል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚጠራቸውን ላይብረሪዎች፣ ከዚያ የእነሱን ጥገኞች። መጀመሪያ ያገኘውን ወስዶ ፍለጋውን ያቆማል። ያንተ አሮጌ ሊብክሪፕቶ ከዋናው ፕሮግራም ጋር ስለተነሳ ሰልፉ ውስጥ ቀድሞ ቆሟል። ድራይቨሩ በዲኤልኦፕን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ላይብረሪ በሚያስገባው ጥሪ፣ ዘግይቶ ይገባል። የሚፈልገውን ስም ግን እሱም መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ የፊተኛውን ሰልፍ ነው።

አሁን የሆነውን ተመልከት። ኢቪፒ_ኤምዲ_ሲቲኤክስ_ኒው የሚባለው ፈንክሽን የመጣው በ1.1.0 ነው፤ በ2016። አሮጌው ውስጥ የለም። ስለዚህ ድራይቨሩ ከአዲሱ ያገኘዋል። ኢቪፒ_ዳይጀስትኢኒት_ኢኤክስ ግን ሁለቱም ውስጥ አለ። ስለዚህ ከአሮጌው ያገኘዋል። አዲሱ ያዘጋጀውን ስትራክት (የዳታ ጥቅል) አሮጌው ከፍቶ ይጽፍበታል። በሁለቱ መካከል ደግሞ የአንዳንድ የውስጥ ስትራክቶች አቀማመጥ ተቀይሯል። ሜሞሪው ይበላሻል፤ ፕሮግራሙም ይወድቃል።

ግምቴን ማረጋገጥ አለብን። ፕሮግራሙን ኤልዲ_ዲበግ=ባይንዲንግስ ብለህ አስነሳው፤ ሎደሩ የትኛውን ስም ከየት እንደያዘ ይጽፍልሃል። ውጤቱ ብዙ ስለሆነ በኤልዲ_ዲበግ_አውትፑት ወደ ፋይል ላከው። ከዚያ ዳይጀስትኢኒት የሚለውን ፈልገህ መስመሮቹን አምጣልኝ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ እኔም ላይብረሪ ኮንፍሊክት አለብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ላይብረሪ? መልእክቱ ምን ይላል? እሱን ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ኡቡንቱ 22.04 ላይ የሠራሁት ፕሮግራም የደንበኛዬ ሴንትኦኤስ 7 ላይ «ጂሊብሲ_2.34 ኖት ፋውንድ» ይላል። አዲሱን ሊብሲ ገልብጬ ብወስድለትስ?

መልስ፦ አትውሰድ። ኤልኤስ፣ ሲፒ፣ ባሽ፣ ሁሉም በዚያ ፋይል ነው የሚተነፍሱት። አዲሱ ሊብሲ ከአሮጌው ሎደር ጋር ካልተስማማ መልሰህ የምትገለብጥበት ትእዛዝ እንኳ አይኖርህም። ከሩቅ የገባህበት ሰርቨር ከሆነ ደግሞ በመኪና ተነስተህ ትሄዳለህ።

ሴንትኦኤስ 7 ያለው ጂሊብሲ (የሊኑክሱ ሊብሲ) 2.17 ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 ያለው 2.35። 2.34 ላይ፣ በ2021፣ ለየብቻ የነበሩት ሊብፒትረድና ሊብዲኤል የሚባሉ ላይብረሪዎች ወደ ዋናው ሊብሲ ተጠቃለሉ። የፕሮግራም መነሻው ሲምቦልም አዲስ የቨርዥን ምልክት ተሰጠው። ስለዚህ ባዶ ሜይን ብትጽፍ እንኳ አዲሱ ላይ ኮምፓይል ካደረግከው አሮጌው ላይ አይነሳም። የሚሠራው መንገድ አንድ ነው፦ አሮጌው ላይ ኮምፓይል አድርግ፣ አዲሱ ላይ አሂድ። ተገላቢጦሹ አይሠራም።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ ስለ ቨርዥን ምልክት ካነሱ አይቀር፣ በኦብጅደምፕ የባይነሪዎችን የሲምቦል ዝርዝር ሳይ ሜምሲፒዋይ (ሜሞሪ የሚገለብጠው ፈንክሽን) አጠገብ አንዳንዱ ላይ 2.2.5፣ አንዳንዱ ላይ 2.14 ይላል። አንድ ፈንክሽን ለምን ሁለት ሆነ?

መልስ፦ ይህን የጠየቅሽው እህቴ፣ ተባረኪ። አሮጌ ሶፍትዌርን ስለማክበር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ2010 ፌዶራ 14 የሚባለው ሊኑክስ ሲወጣ የፍላሽ ፕሌየር (የብራውዘር ቪዲዮ ማጫወቻ) ድምፅ መበላሸት ጀመረ። የጂሊብሲ ሰዎች ሜምሲፒዋይን ለአዳዲስ ፕሮሰሰሮች እንዲፈጥን አድርገው ጽፈውት ነበር። አዲሱ አንዳንዴ ከኋላ ወደ ፊት ይገለብጣል። በሲ ቋንቋ ሕግ ይህ ይፈቀዳል፤ ምክንያቱም ምንጩና መድረሻው ተደራርበው ሜምሲፒዋይን መጥራት ክልክል ነው። ለተደራረበ ሜሞሪ ሜምሙቭ አለ። ፍላሽ ግን ተደራርቦ ይጠራው ነበር። አሮጌው ሜምሲፒዋይ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ስህተቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ኖረ።

ክርክሩ ከባድ ነበር። አንዱ ወገን «ስህተቱ የፍላሽ ነው፣ እነሱ ያርሙ» አለ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ጉዳዩን ራሱ መርምሮ ተቃራኒውን ተከራከረ፦ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ከተበላሸ ለተጠቃሚው የሕጉ አንቀጽ ምንም አይረባውም። እኔ ከሱ ጋር ነኝ።

በ2011 በወጣው 2.14 መፍትሔው መጣ። ሜምሲፒዋይ ሁለት ሆነ። አዲስ ኮምፓይል የሚደረግ ፕሮግራም 2.14 የሚለውን ያገኛል፤ ፈጣኑን። ከዚያ በፊት የተሠራ ባይነሪ 2.2.5 የሚለውን ያገኛል፤ እሱም እንደ ሜምሙቭ ለመደራረብ ይጠነቀቃል። ማንም ምንም ሳይነካ ሁለቱም ይሠራሉ። ስሙ አጠገብ ሁለት የአት ምልክት ካየሽ ለአዲስ ሰው የሚሰጠው እሱ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ለነባር ደንበኛ የተቀመጠ ነው።

የራሳችሁ ላይብረሪ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። የፈንክሽኑን ጠባይ ስትቀይሩ አሮጌውን አትሰርዙ። በቨርዥን ስክሪፕት (ለሊንከሩ የሚሰጥ የቨርዥን ምልክቶች ዝርዝር) አዲስ ኖድ፣ ማለትም አዲስ ምልክት፣ ጨምሩ፤ አሮጌውን በሲምቨር ትእዛዝ ከአሮጌው ኖድ ጋር እሰሩት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የማታውቁት ደንበኛ ፕሮግራም ግን ሳይሞት ያድራል።

አስተያየት (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ለምን? ሁሉን ነገር ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ ለብቻው የሚይዝ ጥቅል) ውስጥ ክተቱትና አርፋችሁ ተኙ።

አስተያየት (ከባሕር ዳር)፦ እዚያ ሆኖ ማለት ቀላል ነው። እኛ ጋ ለአንድ ኢሜጅ የምናወርደው ዳታ በገንዘብ ነው። ደግሞ ውስጡ ያለውን አሮጌ ኦፕንኤስኤስኤል ማን ያድሰዋል?

አስተያየት (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አንዴ ካወረድከው በኋላ በፍላሽ ዲስክ ትወስደዋለህ። እድሳቱን በተመለከተ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለውንስ መቼ አደስከው?

አስተያየት (ከደሴ)፦ ጎ (Go) በሚባለው ቋንቋ ጻፉት፤ ላይብረሪዎቹን በውስጡ የያዘ አንድ ስታቲክ ፋይል ነው የሚወጣው።

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ሶርስ ኮድ የሌለውን ፕሮግራም በጎ ቋንቋ መልሶ መጻፍ ሌላ ፕሮጀክት ነው። ኮንቴይነር ጥሩ ነገር ነው፤ ለመቀሌው ወንድማችን ፕሮግራሙን ኮምፓይል ለማድረግ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ግን ኮንቴይነር የሚለየው አንዱን ፕሮሰስ ከሌላው ነው። የአዲስ አበባው ግጭት በአንድ ፕሮሰስ ሆድ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሊብክሪፕቶዎች ኮንቴይነር ውስጥም አብረው ይገባሉ፤ እዚያም ይጣላሉ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን ባሽአርሲ ላይ ጽፌ ነበር። አሁን ጊትም ከርልም አይሠሩም።

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ተናግሬያለሁ። ያ መስመር የሚነካው አንድ ፕሮግራም ሳይሆን ከዚያ ሼል የሚነሳውን ሁሉ ነው። አጥፋው። ለዚያ ለአንዱ ፕሮግራም ብቻ በፓችኤልፍ አርፓዝ (የላይብረሪዎቹን መገኛ ፎልደር) ባይነሪው ውስጥ ጻፍለት፤ ወይም ትንሽ ማስነሻ ስክሪፕት ሥራለት።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በዊንዶውስና በማክስ?

መልስ፦ ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙ ስሙን ከነዲኤልኤሉ ይመዘግባል። ማክም ከ10.1 ጀምሮ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ዓይነት ግጭት እዚያ ብዙም የለም። ከዚህ በላይ የእኔ ዘርፍ አይደለም።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ከአቅራቢ የመጣ የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪ ሊንክ ሳደርግ ስትሪንግ ያለበት ፈንክሽን ሁሉ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ይላል። ሲኤክስኤክስ11 የሚል ነገር ስሙ ውስጥ አያለሁ።

መልስ፦ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር፣ ቨርዥን 5፣ 2015። የስትሪንግ አሠራር ሲቀየር አሮጌው እንዳይሞት አዲሱ ሌላ ስም ተሰጠው። የአቅራቢው ላይብረሪ በአሮጌው ነው የተሠራው። የአንተን ኮድ _ጂሊብሲኤክስኤክስ_ዩዝ_ሲኤክስኤክስ11_ኤቢአይን ዜሮ አድርገህ ኮምፓይል አድርገው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ሁለት ፕለጊን ጽፈናል። ሁለቱም ውስጥ ፓርስ_ኮንፊግ የሚባል ፈንክሽን አለ። አንዱ የሌላውን ይጠራል።

መልስ፦ ስህተቱ የሁላችንም ነው፤ በሊኑክስ ላይ ካልከለከልከው ሁሉም ፈንክሽን ወደ ውጭ ይታያል። በር የሌለው ቤት ማለት ነው። ኮምፓይል ስታደርጉ ኤፍቪዚቢሊቲ=ሂድን ጨምሩ። ከውጭ እንዲጠሩ የምትፈልጓቸውን ብቻ ዲፎልት ብላችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ውስጡ ስታቲክ ላይብረሪ ካስገባችሁ ለሊንከሩ ኤክስክሉድ-ሊብስ ኦል በሉት፤ አለበለዚያ የዚያ ላይብረሪ ስሞች በእናንተ በኩል ይወጣሉ። ሲያልቅ ሲምቦሎችን የሚዘረዝረውን ኤንኤም በዲ ምልክት አሂዱና ዝርዝሩን በዓይናችሁ እዩ። የማታውቁት ስም እዚያ ካለ ሥራው አላለቀም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ መልእክቱ ኢረር ነው የሚለው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከኢረር በኋላ ያለውን ሙሉውን መስመር ነው የጠየቅኩህ። ከዚያ ውጭ ምንም ልረዳህ አልችልም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የመጀመሪያው)፦ ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። ፋይሉ ውስጥ ድራይቨሩ ዳይጀስትኢኒትን ከሊብክሪፕቶ 1.0.0፣ ሲቲኤክስ_ኒውን ከ1.1 ነው የያዘው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የ1.1 ስሞች ኦፕንኤስኤስኤል_1_1_0 የሚል ምልክት አላቸው። ሎደሩ ምልክት የሌለውን አሮጌውን ለምን ተቀበለ?

መልስ፦ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። ላይብረሪው ምንም የቨርዥን ምልክት ከሌለው ሎደሩ ስሙን ብቻ አይቶ ይቀበለዋል። ለአሮጌዎቹ ሲባል ነው። ማሎክን (ሜሞሪ የሚሰጠውን ፈንክሽን) ኤልዲ_ፕሪሎድ ቀድሞ በሚያስገባው ሌላ ላይብረሪ መተካት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔህም ከዚያው ይወጣል። የኦፕንኤስኤስኤል 1.0.2 ሶርስ ይገኛል፤ የላይብረሪው ስም ያው 1.0.0 ነው። አንድ ኖድ ብቻ ያለው ቨርዥን ስክሪፕት ሰጥተህ ሥራው። ዴቢያን ለ1.0 እንዲሁ ምልክት ይሰጥ ነበር። አብሮት የሚመጣውን ሊብኤስኤስኤልንም አብረህ ሥራ። ከዚያ አሮጌው ፕሮግራም ምልክት ስለማይጠይቅ እንደ በፊቱ ያገኘዋል። ድራይቨሩ ግን 1_1_0ን ይጠይቃል፤ አሮጌው ሌላ ምልክት ስላለው ሎደሩ አልፎት ይሄዳል። ፕሮግራሙን አንዲት ባይት አትነካም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን ተነሳ! አሁን ድራይቨሩ ሁለቱንም ስሞች ከ1.1 ነው የሚይዘው። የወሩ ሪፖርት ወጣ።

መልስ፦ እሰይ። ሁለት ነገር አትርሳ። የ1.0.2 ድጋፍ በ2019 መጨረሻ አብቅቷል፤ ያ ማሽን ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ በፋየርዎል ዛሬውኑ ዝጋበት። የድሮውን ፋይል ደግሞ ስሙን ቀይረህ እዚያው አትተወው። ከፎልደሩ አውጥተህ ሌላ ቦታ አስቀምጠው፤ ስምህንና ቀኑን የያዘ ማስታወሻ ከጎኑ አድርግ። ካንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ለምን እንደተቀየረ ይወቅ።