መልስ፦ በሐምሌ ህንድ መሄድ ያዋጣል?

ሰላም። «እኔና ባለቤቴ በሐምሌ ህንድ ልንሄድ ነው፤ ዝናቡ ያበላሽብን ይሆን?» ላላችሁት፣ እኔ ሂዱ ባይ ነኝ። መንገዱን ግን ዝናቡን አይታችሁ ምረጡ።

ሞንሱን የሚባለው የክረምት ዝናብ ግንቦት መጨረሻ ገደማ በደቡብ በኩል ኬረላ ይገባል። ሰኔ ሳያልቅ ዴልሂ ይደርሳል። በሐምሌ እንግዲህ አብዛኛው አገር ዝናብ ላይ ነው።

እኔና ባለቤቴ ከሁሉም የወደድነው ባቡሩን ነው። ከሙምባይ ወደ ጎዋ በኮንካን የባሕር ዳርቻ መስመር፣ ቀን በሚሄደው ተሳፈሩ። በተራሮቹ በኩል፣ ማለትም በግራ፣ መስኮት አጠገብ ቦታ ያዙ። ከዋሻ በወጣችሁ ቁጥር አረንጓዴ ገደልና ፏፏቴ ነው። ባለቤቴ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም! በዝናብ ወቅት ባቡሮቹ ለደኅንነት ሲባል ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ በደረሳችሁበት ቀን በረራ አትያዙ።

ጎዋ ሆቴል ይረክሳል። ባሕሩ ግን ኃይለኛ ነው፣ እባካችሁ አትዋኙ።

ዝናብ ከሰለቻችሁ በሰሜን ጫፍ ያለው ላዳክ አለላችሁ። ሂማላያ ደመናውን ስለሚያግድ ደረቅ ነው። ከዴልሂ ወደ ዋና ከተማው ሌህ በአውሮፕላን ሂዱ፤ በሂማቻል ግዛት በኩል ያለው የመኪና መንገድ በዚህ ወቅት ናዳ ይበዛበታል። ሌህ ከፍታዋ 3,500 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰውም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ይረፍ።

የወባ ትንኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው። የትንኝ መከላከያ ቅባት ጠዋትም ተቀቡ።