«ሕጋዊ ነው» ለሚል ልጅ ምን ይመለስለታል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የ22 ዓመት ልጃችን ማሪዋና ያጨሳል። ስንቆጣው «ሕጋዊ ነው፤ አዋቂ ነኝ፤ በራሴ አካል ማን ያገባዋል? አባዬስ አገር ቤት ጫት ይቅም የለ!» ይለናል። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ «ወይ ዊዱን ወይ ቤቴን ምረጥ» ብሎታል። በሰሙነ ሕማማት ለኔ ሲል ትቶት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ ጠላ፣ በትንሹም በትልቁም ይጮህብን ጀመር። የ9 ዓመት እህቱ ፈራችው። ወንድሜም በወጣትነቱ አእምሮውን ታሞ ፀበል ለፀበል ስናንከራትተው ኖረናል፤ ሌላ በሽተኛ የምሸከምበት አቅም የለኝም። ላስወጣው ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ ስለ ሕጉ አልዋሸም። የሜሪላንድ መራጮች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ድምፅ ሰጥተውበት፣ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ 1.5 አውንስ መያዝ ተፈቅዶለታል። «ነፃነቴ» የሚለውንም እንደ ሰበብ ብቻ አይዩት። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ጥቁሮች ማሪዋና ይዛችኋል ተብለው የመታሰር ዕድላቸው ከነጮች ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። አገረ ገዥው ዌስ ሙር በጁን 2024 ከ175,000 ለሚበልጡ የጥፋተኝነት ውሳኔዎች ይቅርታ ሲያደርጉ ያነሡትም ይህንኑ በደል ነው። እዚያ ያደገ ጥቁር ወጣት ይህን ጉዳይ ከእኛ በተለየ ዓይን ቢያየው አይገርምም። እኔም ብሆን ሰው በኪሱ በተገኘ ቅጠል ወኅኒ ይግባ አልልም።

ፖሊስ አያስረውም ማለት ግን ጤናውን አይጎዳውም ማለት አይደለም። ለዚህ አባትና ልጅ የተጣሉበት ጫት ራሱ ምስክር ነው፤ አገር ቤት በየጉልቱ ይሸጣል፣ አሜሪካ ውስጥ ያስከስሳል።

ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ በአንድ መስመር ያለፉት የወንድምዎ ነገር ነው። በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ወጣት በተለይ ኃይለኛውን ማሪዋና በየቀኑ ሲወስድ ለሳይኮሲስ፣ ማለትም ድምፅ ለመስማትና ከእውነታ ለመራቅ፣ ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው ይበልጣል። ወንዶችን እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምራቸው ከ20 ዓመት ዕድሜ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ የሚሸጠውም የድሮው አይደለም፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ቲኤችሲ የተባለው አስካሪ ንጥረ ነገር 4 በመቶ ገደማ ነበር፣ አሁን ከ15 በመቶ አልፏል፤ በቬፕ (በኤሌክትሪክ ማጨሻ) የሚሳበው ቅባትማ ከ60 በመቶ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅዎ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አጎት የታመመበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ነገር ግን ልጅዎ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። ቤተሰባችን እንዲህ ያለውን ነገር «ሰው ምን ይላል» በሚል ይሸፍናል፤ ልጆቹም ሳያውቁ ያድጋሉ። አዋቂ ነኝ ካለ የአዋቂ መረጃ ይገባዋል። አባቱ ሳይቆጣ፣ እህቱ ሳትሰማ፣ ሁለታችሁ ብቻ ተቀምጣችሁ እንዲህ ይበሉት፦ «ልጄ፣ በራሴ አካል የምወስነው እኔ ነኝ ብለሃል። ከመወሰንህ በፊት የደበቅሁህን ልንገርህ፤ አጎትህ የታመመው ባንተ ዕድሜ ነበር።» ከዚያ እንዴት እንደጀመረው ይንገሩት። ሲጨርሱም አይምከሩት፤ ይጠይቅዎት።

በሰሙነ ሕማማት ያያችሁትም ጥጋብ አልነበረም። ዘወትር የሚወስድ ሰው በድንገት ሲያቆም እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታበታል፤ እስከ ሁለት ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ይህን ቢያውቁት ኖሮ አባትየው ባልተሳደበ፣ ልጁም «ይኸው ሞክሬ አልሆነልኝም» ብሎ ባልተመለሰ ነበር። ለእናቱ ሲል ሦስት ቀን የቻለ ልጅ በባለሙያ ቢታገዝ የበለጠ ይችላል።

አባቱ ሹፌር እንደመሆኑ ለሥራው ቢፈራ መሠረት አለው፣ ግን የሚያሰጋው ጭሱ ሳይሆን የሚበላው ነው። እንደ ከረሜላና ኬክ ተሠርቶ የሚሸጠው ማሪዋና ለማስከር ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ሰው «አልያዘኝም» እያለ ይደግመዋል። ሳያውቅ የበላ የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ ለሹፌሮች በሚደረገው የፌዴራል የዕፅ ምርመራ ከተገኘበት «ሳላውቅ ነው» ማለቱ አያድነውም። የ9 ዓመቷ ልጅ ብታገኘው ደግሞ የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚበላ ነገር ጨርሶ ቤት እንዳይገባ፣ ቤት ውስጥም እንዳይጨስ መከልከል መብታችሁ ነው። አጭሶ መንዳት በሕግም ክልክል ነው።

ሌላም አለ፤ ልጅዎ ዜግነት ካልወሰደና ግሪን ካርድ ላይ ካለ የስቴቱ ፈቃድ በኢሚግሬሽን ፊት አይሠራለትም። በፌዴራል ሕግ አሁንም ወንጀል ስለሆነ፣ በቃለ መጠይቅ ላይ «አጭሻለሁ» ማለት ወይም በማሪዋና ሱቅ ተቀጥሮ መሥራት የዜግነት ማመልከቻውን ሊያስጥልበት ይችላል። ቅጽ ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር።

ማስወጣቱን አልመክርም። የወንድምዎን ሕመም መጀመሪያ ያስተዋላችሁት አብራችሁ ስለኖራችሁ ይመስለኛል። ብቻውን ቢከራይ ይህን የሚያይለት የለም። ዝምታም አይሆንም። ሰው ይከታተለኛል ማለት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ለቀናት አለመተኛት፣ ከጓደኞቹ ፈጽሞ መራቅ ከጀመረ ሌሊትም ቢሆን 988 ላይ፣ ማለትም የአእምሮ ጤና ቀውስ ሲያጋጥም በሚደወልበት የአሜሪካ የስልክ መስመር፣ ይደውሉ፤ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ይጎዳል ብለው ከሰጉ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ፀበሉን አልቃወምም፤ ቄሱም ሐኪሙም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያዩት ይችላሉ። የሐኪሙን ቀጠሮ ግን ፀበሉ እስኪያልቅ አያቆዩት፤ እንዲህ ያለ ሕመም ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ በጣም ይሻላል።