ስለ ትዳር የተሰጠ የሰበር ውሳኔ ለቤት ሽያጭ ይሠራል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ኮምቦልቻ ላይ ቤት ገዝተሻል። ውሉን ሰፈር ውስጥ በምስክር ፊት ተፈራረማችሁ፣ ብሩን ከፈልሽ፣ ገብተሽ እየኖርሽበት ነው። አሁን ሻጩ «ውሉ አልተመዘገበም፣ ፈራሽ ነው፣ ልቀቂ» አለሽ። አንቺ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የኖሩ ባልና ሚስት ጋብቻቸው እንደፈረሰ ይቆጠራል የሚል የሰበር (የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) ውሳኔ አገኘሽና «ለትዳር ኑሮው ከታየ ለእኔስ በቤቱ መኖሬ ለምን አይታይልኝም?» ብለሻል። ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ግን በዚህ ክርክር ብቻ ችሎት እንድትቆሚ አልፈልግም።

እዚህ ደሴ ጥብቅና ስሠራ ብዙ ሰው የሰበር ውሳኔ ፎቶ ኮፒ ይዞ ይመጣል። የተሰመረበት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ጉዳዩ በምን ላይ እንደነበር ከላይ ያለውን ማንም አያነብም። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የትኛውንም የወረዳ ዳኛ ያስገድዳል፤ ይህ በአዋጅ 454/1997 የመጣ ነው። የሚያስገድደው ግን በዚያው ሕግ ላይ የተሰጠው ትርጉም ነው። ስለ ቤተሰብ ሕግ የተባለው ዘሎ የውል ሕግ ውስጥ አይገባም።

የትዳሩን እንየው። የቤተሰብ ሕጉ ጋብቻ የሚፈርስባቸውን መንገዶች ዘርዝሯል፤ ተለያይቶ መኖር ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሰበር ግን ባልና ሚስቱ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው፣ ሌላ ትዳር መሥርተው ሲያገኛቸው የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው ቀርቷል አለ። ሕጉ ያላለውን ጨመረ የሚሉ አሉ፣ ቅሬታቸው ይገባኛል። ለእኔ ግን ትክክል ነው። ያለዚያ አብራው ስትለፋ የኖረችው ሁለተኛዋ ሴት ባዶ እጇን ትቀራለች። ስለዚህ እዚያ ዳኛው የሚጠይቀው «በእውነት እንዴት ኖሩ?» ብሎ ነው።

ቤት ላይ ጥያቄው ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይደረግ፣ ይመዝገብ ይላል። ይህ ለማስረጃ ያህል ነው ወይስ ውሉ እንዲጸና የግድ ነው የሚለው ሲያከራክር ኖሯል። ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 (በሰበር ውሳኔዎች መጽሐፍ ቅጽ 4 ላይ ታገኚዋለሽ) የግድ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሉ የት ተደረገ?» ብሎ ነው። ያማል፣ አውቃለሁ፤ ግን አንድን ቤት ለሁለት ሰው የሚሸጥ ስላለ ምክንያት አለው። ለባንክ ብድር የሚሰጥ መያዣ እንኳ ከዚህ ምዝገባ ነፃ የወጣው በአዋጅ 639/2001 ሕጉ ራሱ ተሻሽሎ ነው።

ሥራ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ጭነት ሲያወርድ የኖረ ልጅ ያለ አንዳች ወረቀት ተባሮ መጥቶልኝ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ስለሚል የተከራከርነው ማን ያዝዘው ነበር፣ ማን ይከፍለው ነበር በሚለው ላይ ብቻ ነው። አየሽ፣ ያው የወረቀትና የኑሮ ጉዳይ ነው፣ መለኪያው ግን እንደ ሕጉ ይለያያል።

አሁን ወደ አንቺ። የወረዳው ዳኛ 21448ን መሻር አይችልም፤ በአዋጅ 1234/2013 መሠረት ሰበር ራሱ የቀድሞ ትርጉሙን ሲቀይር 7 ዳኞች ያስፈልጉታል። ስለዚህ የሻጩን መልስ ቃል በቃል አንብቢ። መሸጡን አምኖ ምዝገባ ብቻ ነው የሚያነሳው ወይስ ጭራሽ አልሸጥኩም ነው የሚለው? ከ21448 በኋላ የወጡ ውሳኔዎችም ስላሉ ጠበቃሽ ከዚህ ነጥብ ጋር አያይዞ ይፈልግ። ክሱ ላይ ደግሞ «በአማራጭ» ብላችሁ ውሉ ፈራሽ ከተባለ የከፈልሽው ዋጋና ለቤቱ ያወጣሽው ወጪ እንዲመለስ ጠይቁ፤ ቁጥር 1815 ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይላል። የባንክ ደረሰኝሽን፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮውን ጭምር፣ ከአሁኑ ሰብስቢ። ቤቱን ለሌላ ሰው እንዳያዞረውም የእግድ ማመልከቻውን ከክሱ ጋር አብራችሁ አስገቡ።