ብሩን ባለንብረቱ ይከፍላል፣ ነጥቡን ማን ይወስድልሃል?

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅ ነህ መሰለኝ፣ አንተ ልበልህ። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ሚኒባስ ትነዳለህ። በወር ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ተከሰስክ፤ ሁለቱ ትርፍ ሰው በመጫን፣ አንዱ በፍጥነት። በሦስተኛው መንጃ ፈቃድህ ተያዘ። ባለንብረቱ "አታስብ፣ ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ" ብሎሃል። ጓደኛህ ደግሞ "ጠፋብኝ በልና ምትክ አውጣ" ብሎ መክሮሃል። የቱ ይሻላል ነው የምትለው።

ሁለቱም አይሻልም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሠኝ። እኔ በዚያው መንገድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ፤ መጀመሪያ ሚኒባስ፣ ቀጥሎ አይሱዙ፣ አሁን ተመልሼ ሚኒባስ። ከዚያ ውስጥ ስድስት ወሩን በእግሬ ነው የሄድኩት። ታግጄ ማለቴ ነው።

ከባለንብረቱ ልጀምር። የኔም ጥሩ ሰው ነበር፣ አሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ቡና ይጋብዘኛል። ከመናኸሪያ ስንወጣ ሁሌም በወንበር ልክ ነን፣ የመውጫ ወረቀታችን ንጹሕ ነው። ከተማውን ለቀን ትንሽ ፈቀቅ ስንል ነው ነገሩ የሚጀምረው። አንዲት እናት ዶሮዋን አቅፋ ትቆማለች። ተማሪ ይቆማል። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቅርብ ወራጅ ነው" ይላል፤ አንዱን ሞተር ላይ፣ አንዱን በርጩማ ላይ። አንተም ታውቀዋለህ፣ ምን አስተምርሃለሁ። ማታ ባለንብረቱ የሚጠብቀው ሒሳብ አለ። ያ ሒሳብ በወንበር ልክ ብቻ ተጭኖ አይሞላም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። "ትርፍ ጫን" ብሎ ግን አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም። የሚለው "ከተያዝክ እኔ አለሁ" ነበር።

እውነት ለመናገር ነበረም። ወረቀቱን አመጣለታለሁ፣ ብሩን ቆጥሮ ይሰጠኛል፣ ሄጄ እከፍላለሁ፣ ደረሰኙን ዳሽቦርዱ ላይ እወረውረዋለሁ። ተረሳ። እኔ ጋ ተረሳ ማለቴ ነው።

የትራፊክ መቆጣጠሪያው ደንብ ቁጥር 208/2003 ከወጣ ወዲህ የአንድ ጥፋት ዋጋ ሁለት ነው። አንዱ ብር፣ አንዱ ነጥብ። ደንቡ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሽሏል፤ አሁን ደግሞ ደንብ ቁጥር 557/2016 መጥቶ ብሩን ከፍ አድርጎታል፤ ሹፌሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚህኛው ብር ነው። ስለ ነጥቡ የሚያወራ አታገኝም። ጥፋቶች በእርከን ተከፋፍለዋል፤ እርከኑ ከፍ ሲል ብሩም ነጥቡም አብሮ ይከብዳል። ነጥብ ሲጠራቀም መጀመሪያ እገዳ ያመጣል፣ ከዚያም ካለፈ መንጃ ፈቃዱን ያሰርዛል። ብር ከማንም ኪስ ቢወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ "ይሄን ማን ሰጠህ" አትልህም። ነጥቡ ግን በስምህና በመንጃ ፈቃድ ቁጥርህ ነው የሚመዘገበው። ለባለንብረቱ ልሽጥልህ ብትለው የሚገዛበት መንገድ የለም።

የታገድኩት ቅጣት ልከፍል ሄጄ ነው። ሰኞ ነበር። እንደ ልማዴ ብሩን በእጄ ይዤ ወረፋ ቆምኩ። ሴትየዋ ቁጥሬን አየችና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ወንድሜ፣ እስቲ አረፍ በል" አለችኝ። ቢሮ ውስጥ ወረፋ ላይ ያለን ሰው አረፍ በል ካሉት ደግ ነገር የለም። ዝርዝሩን አውጥታ ጣቷን ከላይ ወደ ታች እየነዳች አሳየችኝ። ትርፍ። ትርፍ። ቀበቶ። ትርፍ። ፍጥነት። ስልክ። ስልኩንማ ጭራሽ ረስቼው ነበር፣ ጫጫ መግቢያ ላይ ሚስቴ ደውላ "ሃሎ" ከማለቴ ነው የተያዝኩት።

"ሁሉንም ከፍያለሁ እኮ" አልኳት።

"እሱማ ከፍለሃል" አለችኝ።

ባለንብረቱ በማግስቱ ሌላ ሹፌር ቀጠረ። አልፈርድበትም። መኪና ቆሞ አይውልም፣ የባንክ ዕዳ አለበት። ግን "እኔ አለሁ" ያለኝ ሰው በዚያ ስድስት ወር ውስጥ አልነበረም። እኔ ሸዋ ሮቢት ወንድሜ ጋ ወርጄ የማሾ ጆንያ ስሸከም ከረምኩ። ከምጭንባቸው አይሱዙዎች የአንዱ ሹፌር ድሮ ረዳቴ የነበረ ልጅ ነው። በጣም ያከብረኛል፤ "ጋሼ፣ አንተ ተው፣ እኛ እንጭነዋለን" ይለኛል። ያቺ ነገር ከጆንያው ይልቅ ትከብደኝ ነበር።

አሁን ወደ "ጠፋብኝ" እንምጣ። ይሄ ምክር በኛ መስመር የቆየ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ አደረገው። መንጃ ፈቃዱ ትራፊክ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እያለ እሱ ሌላ ቦታ ሄዶ ጠፋብኝ ብሎ አመለከተ፣ ማስረጃ አወጣ፣ ምትክ አገኘ። አራት ወር ያህል ሠራበት፣ እኛንም ሞኞች እያለ ይስቅብን ነበር። ከዚያ አርማንያ አካባቢ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። ደግነቱ ሰው አልሞተም፤ የባጃጁ ልጅ እግር ነው የተሰበረው። ምርመራ ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ "መንጃ ፈቃድ" ሆነ። ሁለት ተገኘለት፤ አንዱ ኪሱ ውስጥ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ። ሐሰት ማመልከት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በብር የሚያልቅ የነበረ የደንብ ጥፋት ፍርድ ቤት የሚያመላልስ ፋይል ሆኖ ቁጭ አለ። ኢንሹራንሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው ሹፌሩ በዕለቱ የጸና ፈቃድ ነበረው ወይ የሚለውን ነው። ባለንብረቱ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ ይሳደባል።

ሰው ቢሞት ኖሮ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ 3 አለ። ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው ለገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ሹፌር ሁሉ ይቺን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥሩ በቃሉ ይዟታል፤ ሞተር ላይ ሰው ሲያስቀምጥ ግን ትዝ አትለውም።

"እዚያው መንገድ ላይ ጨርሰው" የሚሉህም አይጠፉም። ሰጪውም እንደ ተቀባዩ በሙስና ይጠየቃል፣ ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ደብረ ሲና ላይ የሰጠኸውን የሸዋ ሮቢቱ አያውቅልህም።

እንግዲህ ምን ታደርግ? ወረቀቱን አንብብ። ስቄብህ አይደለም። ስንቱ ሹፌር የተጻፈበትን ሳያነብ አጣጥፎ ኪሱ ይከታል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከእገዳው በኋላ ነው የቀየርኩት፣ እሱም አንድ ጊዜ አድኖኛል።

ክረምት ነበር፣ ሐምሌ። አይሱዙ ይዤ ሽንኩርት ጭኜ ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ እየመጣሁ ነው። ጣርማ በርን ታውቀዋለህ፤ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ጉሙ ሲወርድ ፓውዛ ብታበራም ነጭ ግድግዳ ነው የሚታይህ። ጣልያን የቆፈረውን ዋሻ አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ ፊቴ ላይ የሲኖትራክ የኋላ መብራት ድንገት ብልጭ አለ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አበራሁ፣ ረዳቴ ወርዶ ባለ ሦስት ማዕዘኑን የማስጠንቀቂያ ምልክት ከኋላ አስቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ትራፊክ ከጉሙ ውስጥ ወጣ፤ ካፖርቱ በጤዛ ነጭ ሆኗል። እዚህ መቆም ክልክል ነው አለኝ። መጻፍ ሲጀምር እስክሪብቶው እምቢ አለው፣ ጫፉን በትንፋሹ አሞቀው፣ እጁ ላይ ሞከረው፣ እንደገና ጻፈ። አሳዘነኝ እንኳን። ወረቀቱን ሰጠኝ። በስልኬ መብራት አነበብኩት። የተጻፈው በክልክል ቦታ ደርቦ ማለፍ ነው።

እኔ የቆምኩ ሰው ነኝ! "አለቃ፣ ቆሜ ነው ያገኘኸኝ፣ ይሄ ግን ደርቧል ይላል" አልኩት። ድምፄን አላነሣሁም። ወረቀቱን ጠጋ አድርጎ አየው። ከኔ በፊት ሌላ መኪና ጽፎ ነበር መሰለኝ፣ ያንን ደገመው። አንዴ ስለተጻፈ ቢሮ ሄደህ አመልክት አለኝ። እኔም መኪናዬን ባለ ሦስት ማዕዘኑን ጨምሮ በስልኬ አነሣሁ፤ ፎቶው ላይ ግማሹ ጉም ቢሆንም ቀዩ ይታያል። በማግስቱ ሳልከፍል በፊት ማመልከቻ ጽፌ ገባሁ። ሳልከፍል ያልኩትን ልብ በል። ከፍለህ ከመጣህ ጥፋቱን አምነሃል ነው የሚሉህ። ፎቶውን አዩ፣ ትራፊኩን ጠየቁት፣ እሱም አልካደም። ሙሉ በሙሉ አልተሰረዘልኝም፤ መቆሚያ ባልሆነ ቦታ መቆም ተብሎ ቀለል ወዳለው ወረደ። ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ያኔ ዝም ብዬ ቢሆን ደርቦ የማለፉ ነጥብ ከድሮው ጋር ተደምሮ እንደገና ማሾ ጋ ይመልሰኝ ነበር።

ወዳንተ ስመለስ፣ በሁለቱ የትርፍ ክሶች በእርግጥ ጭነሃል፣ አምነሃል፣ እነሱ ላይ አትከራከር። የፍጥነቱን ወረቀት ግን አውጣና እይ። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የታርጋ ቁጥሩ፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ ትክክል ነው? ያንን ሰዓት እዚያ ነበርክ? ስህተት ካለ ጽፈህ አመልክት፤ በመልሳቸው ካልረካህ ፍርድ ቤት መሄድ መብትህ ነው። ስህተት ከሌለ ደግሞ ክፈልና ተገላገል። ከደብረ ሲና ወርደህ ሙቀቱ ሲጀምር መንገዱ ይለቃል፣ እግር ይከብዳል፣ ያንን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መከራከሪያ ግን አይሆንም።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን አታሳልፍ። መንጃ ፈቃድህ በተያዘበት ጊዜ መንገድ ላይ የምታሳየው ያንኑ ወረቀት ነው፤ ቀኑ ካለፈ ያለ ፈቃድ እንደምትነዳ ይቆጠራል፣ ቅጣቱም ይጨምራል። ለመክፈል ስትሄድ ራስህ ሂድ፣ ረዳት አትላክ። እንደከፈልክ አትውጣ። "እስካሁን በስሜ ስንት ነጥብ ተይዟል?" ብለህ ጠይቅ። እኔ ያንን ጥያቄ አንድ ቀን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ቀበቶዬን አጠብቅ ነበር፣ በሁለቱም ትርጉሙ። የነገሩህን ቁጥር ደረሰኙ ጀርባ ላይ ከነቀኑ ጻፈው፤ የኔ አሁን በፌስታል ተጠቅልሎ የፀሐይ መከላከያው ሥር ነው፣ ከሊብሬውና ከሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ጋር።

ከባለንብረቱ ጋርም ተነጋገር፣ ሳትጣላ። "ብሩን ስለምትከፍል አመሰግናለሁ፣ ነጥቡ ግን የኔ ነው፣ ይሄው እዚህ ደርሷል" ብለህ ቁጥሩን አሳየው። አንዳንዱ ጭራሽ አያውቀውም፣ እውነቴን ነው። እኔ አሁን ከምነዳለት ሰውዬ ጋር ስንስማማ መጀመሪያ ያነሣሁት እሱን ነው፤ በወንበር ልክ፣ የቀኑም ሒሳብ በዚያው ልክ። ደመወዜ ከድሮው ያንሳል፣ አልዋሽህም። ሚስቴም አንዳንዴ ታነሣብኛለች። እምቢ ካለህ ግን ሦስት ክስ ይዘህ አራተኛውን ለሰው ሒሳብ ብለህ አትጨምር፤ ሌላ መኪና ፈልግ።

ከታገድክ ደግሞ፣ አያድርስና፣ በእገዳ ላይ አትንዳ። "ማታ ማታ ብቻ"፣ "ገጠር ለገጠር ብቻ" የሚል ነገር የለም። እገዳው ቀን አለው፣ ያልቃል። በእገዳ ላይ ከተያዝክ ግን ሌላ ጥፋት ነው የሚጨመርብህ።

ነገ ጠዋት ከሆነ የምትሄደው፣ የሦስቱንም ወረቀት ኮፒ ዛሬ ማታውኑ አስነሣ። ቢሮው አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጠዋት ጠዋት መብራት የለም ይላል፣ ካለም ወረፋው ቅዳሴ ነው።