የሳይክልህ ፔዳል ቋ ቋ ካለ ሙሉ ዕቃ ከመቀየርህ በፊት ፒኗን እይ

ወንድሜ፣ «ፔዳሉን ስረግጥ ቋ ቋ ይላል፣ ካቴናውም ይወልቃል፣ ጋራዡ ሙሉ ዕቃው ይቀየር አለኝ» ያልከውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እባክህ ብርህን አታውጣ።

1. ካቴናው። የኋላ ጎማውን ዳዶዎች አላላና ጎማውን ወደ ኋላ ሳብ። ካቴናውን መሃሉ ላይ በጣት ስትነካው ሁለት ሴንቲ ያህል ወጣ ወረድ ካለ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከወጠርከው ኩሽኔታውን ይበላዋል። ጠብቆም ከወለቀ ግን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካው። ከአንዱ ሚስማር መሃል ተነስተህ ቀጣዮቹን 24 ቁጠር። አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ገደማ ነው፤ 30.8 ከደረሰ አልቋል።

2. ዘይት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት በፍጹም! ከባሕር ዳር አቧራ ጋር ተለውሶ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በነጭ ጋዝ ጠርገህ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርግበት፣ ትርፉን ጥረገው።

3. ቋቋታው። የኔም የድሮ የቻይና ሳይክል ነው። አንድ ጋራዥ «መሃሉ አልቋል» ብሎ የፔዳሉን መሃል ኩሽኔታ በሙሉ ቀየረልኝ። አባይ ማዶ ሳልደርስ ቋ! ተመልሼ ብነግረው «ኮብልስቶኑ ነው፣ ካላመንክ ሌላ ጋ ሂድ» አለኝ። ሰው ፊት! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቤት ገብቼ ሁለቱን የፔዳል ክንዶች ግራና ቀኝ ይዤ ወዘወዝኳቸው። አንዱ ቆሞ ሌላው ብቻውን ተንቀሳቀሰ። ሁለቱም አብረው ወደ ጎን ቢወዛወዙ ነበር ኩሽኔታው። የኔ ግን ክንዱን ከመሃሉ ብረት ጋር የምትይዘው ሽብልቅ ፒን ነበረች። ዳዶዋን እስከ ጫፏ አላልቼ፣ ሳላወጣው፣ ከክንዱ ሥር የብረት ቱቦ ደግፌ በመዶሻ መታሁ። ስትወጣ ጠፍጣፋው ጎኗ በመሃሉ ተቦርቡሮ ነበር። በቃ፣ የበሽታው ምንጭ ይህቺው ነበረች!

አዲሷን መጀመሪያ በመዶሻ አስገባት፣ ዳዶው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎች በዳዶው ስበው ሊያጠብቋት ሲሞክሩ ጥርሱን ይልጡታል። ዳዶው እንዳትወጣ ይይዛታል እንጂ አያስገባትም። የግራና የቀኝ ፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ መግባት አለባቸው፤ ካልሆነ ፔዳሎቹ ቀጥ ብለው ትይዩ አይቆሙም። ትንሽ ነድተህ ደግመህ ምታት፣ ዳዶውንም አጥብቅ።

አሁን የሰፈሩ ሳይክል ሁሉ እኔ ግቢ ነው የሚመጣው፣ ደስም ይለኛል። አንተም ፒን ልትገዛ ስትሄድ አሮጌዋን ይዘህ ሂድ፤ ውፍረታቸው ይለያያል።